ሰማይ አይታረስም፤ ሹም ግን ይከሰሳል

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባላል። ይህን ተረት የማያውቅ ገበሬ የለም። አባቶቻችን ይህን ሲሉ ደስ ብሏቸው አልነበረም፤ ተስፋ ቆርጠው ነበር እንጂ። ሰማይ ላይ ማረሻ እንደማይሰካ ሁሉ፣ በላያችን የተሾመውንም ሰው ዳኛ ፊት ማቆም አይቻልም ማለታቸው ነው።

እነዚያው አባቶቻችን ግን ሌላም ብለዋል። «በሕግ አምላክ!» ከተባለ እንኳን ሰው፣ ወራጅ ውሃ ይቆማል ብለዋል። ሁለት ሰዎች ዱላ ተማዝዘው ሳለ አንድ መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ቢል ዱላው አየር ላይ ይቀራል። ፖሊስ የለም። ጠመንጃ የለም። ያቆማቸው ቃሉ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሁለቱ አባባሎች አይስማሙም። አንደኛው ሕግ ውሃን ያቆማል ይላል። ሁለተኛው ሹምን አያቆምም ይላል። የትኛው ነው እውነቱ? እናንተ ፊደል የቆጠራችሁ ገበሬዎች ይህን ጥያቄ ከአባቶቻችሁ በተለየ መንገድ ልትመልሱት ትችላላችሁ። ለምን እንደሆነ ቀስ ብላችሁ አንብቡና እንነጋገር።

መጀመሪያ ነገር፣ ተረቱ ተረት ብቻ አልነበረም። የተጻፈ ሕግም ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ወጣ። ሕገ መንግሥት ማለት ሌሎቹ ሕጎች ሁሉ የሚገዙለት ዋናው ሕግ ማለት ነው። ይህ ሕግ በአንቀጽ 4 የንጉሠ ነገሥቱ ክብር የማይደፈር ነው አለ። በአንቀጽ 62 ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ማንም ሰው ክስ ማቅረብ አይችልም አለ። በዚያው አንቀጽ መንግሥትን ግን በበደሉ መክሰስ ይቻላል ይላል።

ይቻላል! ጥሩ ነው። ግን ማን ይክሰስ? ጭሰኛው እንኳን መንግሥትን፣ ባለርስቱን ለመክሰስም ስንቅ ቋጥሮ በእግሩ ሲጓዝ ይውላል። ማመልከቻ ለሚጽፍለት ሰው ይከፍላል። የተጻፈለትን ማንበብ ስለማይችል የራሱ አቤቱታ ምን እንደሚል አያውቅም። በቀጠሮው ቀን ሲደርስ ሌላ ቀጠሮ ይሰጠዋል። እሱ ከከተማ ሲመላለስ እርሻው ጦም ያድራል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት ይኸው ነው።

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። በዚያ ዓመት የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ጭሰኝነት ቀረ። በየ800 ሄክታሩ የገበሬ ማኅበር ይቋቋም ተባለ። የመሬት ክርክርም ከከተማ ችሎት ወጥቶ በገበሬው መንደር፣ ገበሬው ራሱ በመረጠው ፍርድ ሸንጎ እንዲታይ ሆነ። ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ሸንጎው ይሳሳት፣ ያዳላ ይሆናል። ነገር ግን ገበሬ የገበሬን ነገር በሚያውቀው ቋንቋ፣ በሚያውቀው ዛፍ ሥር ሰማ።

በዚያው ዓመት፣ ከአዋጁ ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ ኅዳር 14 ቀን አዲስ አበባ ላይ ምን ሆነ? የቀድሞው መንግሥት 60 የሚደርሱ ባለሥልጣናት ባንድ ሌሊት ያለ ፍርድ ተገደሉ። ከእነሱ መካከል ጥፋተኛ አልነበረም አልልም። በደል የሠራም ይኖራል። የሚያሳዝነው ማን ምን እንዳጠፋ ለይቶ የሚሰማ ዳኛ አለመቀመጡ ነው። ለአንድ ጥማድ መሬት ሸንጎ ይቀመጥ ያለው መንግሥት፣ ለ60 ሰው ነፍስ ሸንጎ አላስቀመጠም። ያን ጊዜ «እሰይ፣ ጌቶች አለቁ» ያለ ብዙ ነበር። ግን ያለ ዳኛ መግደል በጌቶች አላበቃም። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ቀይ ሽብር ሆነና የድሃውም ልጅ፣ የተማሪውም ሬሳ በየመንገዱ ተጣለ።

ታዲያ ኋላ ምን ሆነ? ተረቱ ተሰበረ። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ። መሪው ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ወደ ዚምባብዌ ሸሹ። ሌሎቹ ተያዙ። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ። ዐቃቤ ሕግ ማለት በመንግሥት ስም ሆኖ ወንጀለኛን የሚከስ የሕግ ባለሙያ ነው። ክሱ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. መሰማት ጀመረ። ፍርዱ የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው። መንግሥቱ በሌሉበት ጥፋተኛ ተባሉ። መጀመሪያ ዕድሜ ልክ እስራት፣ በግንቦት 2000 ዓ.ም. ደግሞ በይግባኝ የሞት ቅጣት ተፈረደባቸው።

ቁጥሩን ልብ ብላችኋል? 12 ዓመት! ያን ጊዜ የተወለደ ጥጃ አርጅቶ ይሞታል። ለተከሳሹም ቢሆን፣ ሟቾች ለሞቱባቸው ቤተሰቦችም ቢሆን ይህ ያህል መጓተት በደል ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር አልክድም። ሰውን ያለ ጠበቃ የገደሉት ሰዎች ጠበቃ ቆመላቸው። ሰውን ሳይሰሙ የፈረዱት ሰዎች ቃላቸው ተሰማላቸው። ንጉሥ ቢሆን፣ ሊቀ መንበር ቢሆን ሊከሰስ እንደሚችል አገሩ ሁሉ አየ።

በዚህ ጊዜ ነገሩ ያለቀ የመሰለው ሰው ነበር። አላለቀም። በዚያው ዘመን፣ ሹማምንቱ አዲስ አበባ ላይ ዳኛ ፊት ቆመው ሳለ፣ በገጠር ምን እንደተደረገ ከአማራ ክልል አንባቢዎች መካከል የሚያስታውስ ይኖራል። በ1989 ዓ.ም. መሬት ድልድል ተደረገ። መሬት ያልነበራቸው ወጣቶችና ሴቶች መሬት ማግኘታቸው የሚያስከፋ አይደለም። አብዛኛው ገበሬ እስከ 3 ሄክታር ሊይዝ ይችላል ተባለ። አንዳንዱ ግን «ቢሮክራት» ተባለ። ቢሮክራት የተባለው ማን ነው? በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር አመራር ያገለገለ ሰው ነው። ለእሱ ከአራት ጥማድ፣ ማለት ከ1 ሄክታር በላይ አይገባውም ተባለ።

አሁን እስቲ አስቡት። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ጎረቤቱን የበደለ፣ ጉቦ የበላ ይኖራል። በጎረቤቶቹ ተመርጦ በቅንነት ያገለገለም ይኖራል። ይህን ለመለየት ክስ ቀረበ ወይ? ምስክር ተሰማ ወይ? መከላከያ ተጠየቀ ወይ? የለም። ኮሚቴ ተቀመጠ፣ ስም ተነበበ፣ መሬት ተቀነሰ። ሰውዬው የተቀጣው አድርጎታል ለተባለ ነገር አይደለም፤ ነው ለተባለው ነገር ነው። ተቀጽላ ስም ፍርድ ሆነበት። ብዙ ገበሬዎች አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ ሄደዋል።

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ያሉት ለዚህ ነው። በቅሎ ትልቅ ሀብት ናት። ጭብጦ አንድ ጊዜ የሚጎርሱት ነገር ነው። ሆኖም ዳኛ ሰምቶ የወሰዳት በቅሎ ያን ያህል አታንገበግብም፤ ጉልበተኛ ነጥቆ የበላት ጭብጦ ግን ዕድሜ ልክ አትረሳም። ፖለቲከኞች ይህን አባባል ከገበሬው ቢማሩ ጥሩ ነበር እላለሁ። ሰው የሚቆጣው ስላጣ ብቻ አይደለም። ሳይሰሙት ስለወሰዱበት ነው።

ደግሞ ይህ በደል በገበሬ ላይ ብቻ የሚደርስ አይምሰላችሁ። አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ ከገዢው ፓርቲ መሪዎች ጋር ተለያዩ። በሙስና ተጠርጥረውም ታሰሩ። ጉዳያቸው ወጣት ዳኛ ከነበሩት ከወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ችሎት ቀረበ። ዳኛዋ ነገሩን መርምረው ተጠርጣሪው በዋስ ይለቀቁ ብለው አዘዙ። ዋስትና ማለት ሰውዬው ነፃ ወጣ ማለት አይደለም። ክሱ ይቀጥላል፤ ሰውዬው ግን በቀጠሮው እንደሚቀርብ ዋስ ጠርቶ ከቤቱ ሆኖ ይከራከራል ማለት ነው። አቶ ስዬ ግን ቤታቸው አልደረሱም። ከፍርድ ቤቱ እንደወጡ ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል ሕግም በዚያው ሰሞን ወጣ። ዓመታትም ታስረው ቆዩ።

እኔ አቶ ስዬ ጥፋተኛ ናቸው ወይም አይደሉም ለማለት አልተነሣሁም። ያ የዳኛ ሥራ ነው። የምጠይቀው ሌላ ነው። ጦር ሠራዊት ያዘዙ ሚኒስትር፣ በአዲስ አበባ ከተማ፣ በቀን፣ የዳኛ ትእዛዝ በእጃቸው ይዘው በፍርድ ቤቱ ደጅ ከተያዙ፣ በወረዳው ጣቢያ የታሰረ ገበሬ ምን ይዋጠው? በነገራችን ላይ ዳኛዋም ኋላ ፖለቲከኛ ሆኑና ሁለት ጊዜ ታሰሩ። ከዚያ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። አገራችን እንዲህ ናት፤ የዛሬ እስረኛ የነገ ሹም፣ የዛሬ ሹም የነገ እስረኛ ነው። ይህን የሚያውቅ ሹም ለፍርድ ቤት አጥር መጀመሪያ ድንጋይ የሚያቀብል እሱ በሆነ ነበር። ነገ የሚጠለልበት ራሱ ነዋ!

ይህ የድሮ ወሬ ነው የሚል ይኖራል። አይደለም። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተለውጧል፤ ልማዱ ግን ቀጥሏል። ፍርድ ቤት በዋስ ይለቀቁ ያላቸው ሰዎች ሳይለቀቁ መቆየታቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በተለያዩ ዓመታት ባወጣቸው መግለጫዎችና ሪፖርቶች ተናግሯል። ዳኛ ይፈርማል፣ ማኅተም ይመታል፤ የጣቢያው አዛዥ ወረቀቱን ያያል፤ «ከበላይ ትእዛዝ አልመጣም» ይላል። ከዳኛ በላይ ያለው በላይ ማን ነው? ይህን ጥያቄ ጮክ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የሚለውን እንይ። በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ለመንገድ የሚወስደው ጊዜ ብቻ አይቆጠርም። በዚያው አንቀጽ የዋስትና መብት አለ ይላል፤ ዋስትና የሚከለከለው ሕግ በፈቀደበት ሁኔታ፣ ያውም በፍርድ ቤት ነው። በአንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በቀር በማንም አይመራም ይላል። ማንም! ሚኒስትርም ቢሆን፣ የወረዳ አስተዳዳሪም ቢሆን፣ የፓርቲ ሰውም ቢሆን። ቃሉ እንግዲህ አልጎደለም። የጎደለው ቃሉን የሚፈራ ሹም ነው።

«አገር ሰላም ሳይሆን ሕግ ሕግ ማለት ምን ይጠቅማል?» የሚሉም አሉ። ነገሩ ቀላል አይደለም፤ ጦርነት ባለበት አካባቢ መንግሥት ያለ ችግር ይሥራ አይባልም። ግን ሕጉ ይህንንም አስቦበታል። አንቀጽ 93 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንዴት እንደሚወጣ ይናገራል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያውጃል። የተወካዮች ምክር ቤት ማጽደቅ አለበት። ከፀደቀ ስድስት ወር ይቆያል። ከዚያ በላይ ከተፈለገ እንደገና ድምፅ ተሰጥቶ በየአራት ወሩ ይራዘማል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ምክንያት የታወጀው እንዲህ ነበር፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ለአራት ወር ተራዘመ፤ በዚያው ዓመት ጊዜው አለቀ። እንግዲህ አስቸኳይ ጊዜ እንኳ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። በአዋጅ ዘመንም ቢሆን ሰውን ማሰቃየት፣ ክብሩን ማዋረድ ክልክል ነው። አዋጁ ካለቀ በኋላ በአዋጅ ልማድ ማሰር ግን ስሙ ጉልበት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ገበሬ እጁን አውጥቶ ሲናገር ይታየኛል። «በሬዬን የሰረቀውን ሌባ አስይዤው፣ ዳኛ በዋስ ለቀቀው። ይኸው በሰፈሬ እየተንጎራደደ ያየኛል። ለእኔ የዋስትና ነገር አታውራኝ!» ይላል። እውነቱን ነው፤ ያናድዳል። በሬ ማጣት ማለት ዘንድሮ አለማረስ ማለት ነው። ግን ወንድሜ፣ ዋስትና ፍርድ አይደለም ብያለሁ። ዋስትናው አላግባብ ከሆነ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ይበል። ምስክርህን ካስፈራራ አመልክት፤ ዳኛው ዋስትናውን ሊያነሣ ይችላል። ይህ ሁሉ በር ክፍት ነው። ፖሊሱ በሩን ትቶ በአጥር እንዲዘል ግን አትመኝ። ዛሬ ሌባውን ለመያዝ የዘለለው አጥር ፈርሷልና ነገ በዚያው ወደ አንተ ግቢ ይገባል።

ሌላው ደግሞ «እኛ ሽማግሌ አለን፣ ፍርድ ቤት ለምን?» ይላል። እርቅ ደም ያደርቃል፤ አልቃወምም። ከብት ማሳ ቢገባ፣ ወንድማማች በወሰን ቢጣላ፣ ባልና ሚስት ቢኮራረፉ ሽማግሌ ከዳኛ ይሻላል። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ቂም አያስቀርም። ግን ሽማግሌ ሁለት እኩዮችን ነው የሚያስታርቀው። አንደኛው ወገን ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ ማኅተም ሲይዝ ሽማግሌው ምን ያደርጋል? ካባውን አስተካክሎ «እባክህ ጌታዬ» ይላል። ባሏ የሞተባት ሴትም አለች። የባል ወንድሞች መሬቱን ሲወስዱባት ሽማግሌዎቹ እነማን ናቸው? የባል አጎቶች። በአማራ ክልል የይዞታ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስም የተጻፈው፣ ፎቶግራፋቸውም የተለጠፈው ያለ ምክንያት አይደለም። እኅቶቼ፣ ያን ደብተር አንብቡት። ስማችሁ በትክክል መጻፉን በዓይናችሁ እዩ።

አሁን ቀደም ብዬ ወደ ተውኩት ነገር ልመለስ። አባቶቻችን ሹምን መክሰስ ያቃታቸው ፈሪ ስለነበሩ አይደለም። ቃል በቃል ስለነበረ ነው። ሹሙ በቃል ያዛል፤ በቃል ይክዳል። እናንተ ግን አሁን ታነባላችሁ። ስለዚህ አንድ የቀበሌ ሹም መጥቶ «ከዚህ መሬት ተነሣ፣ ለልማት ይፈለጋል» ቢላችሁ፣ ዱላ አታንሡ፤ አትሳደቡም። «ጌታው፣ የተጻፈውን አሳዩኝ» በሉ። ማን ነው የወሰነው? በየትኛው ቀን? ካሣው ስንት ነው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ገበሬ ከመሬቱ ያለመነቀል መብት አለው ይላል። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ንብረት ሲወስድም ተመጣጣኝ ካሣ አስቀድሞ ይክፈል ይላል። አስቀድሞ የሚለውን ቃል በጣታችሁ እየጠቆማችሁ አንብቡ። ትራክተሩ ከገባ በኋላ የሚመጣ ካሣ አስቀድሞ አይባልም።

ያላነበባችሁት ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ጣታችሁንም አታትሙ። «ይህ የስብሰባ መቆጣጠሪያ ነው» ቢሏችሁ እንኳ ከላይ የተጻፈውን አንብቡ። ፊደሉ ካስቸገራችሁ «ቤት ወስጄ ላስነብብ» በሉ፤ ማሰብ ነውር አይደለም። ቸኩል የሚላችሁ ሰው የሚቸኩልበት ምክንያት አለው።

መጥሪያ ሲመጣላችሁ የቀጠሮውን ቀንና የመዝገቡን ቁጥር ፈልጉ። መጥሪያ ማለት ፍርድ ቤት በዚህ ቀን ቅረብ የሚልበት ወረቀት ነው። ባትቀርቡ ክርክሩ እናንተ በሌላችሁበት ሊወሰን ይችላል፤ ብዙ ገበሬ የተረታው በሕግ ሳይሆን በመቅረት ነው። ተፈርዶባችሁ ካልተስማማችሁ የውሳኔውን ግልባጭ ጠይቁ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ይግባኝ በ60 ቀን ውስጥ ይቅረብ ይላል። ይግባኝ ማለት ከፍ ያለው ፍርድ ቤት ነገሩን እንዲያይላችሁ መጠየቅ ነው። 60 ቀን የሚቆጠረው ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ጓያው እስኪታጨድ ብላችሁ አታዘግዩት። በወንጀል ጉዳይ ጊዜው ከዚህ ያጠረ ነውና በዚያው ዕለት የፍርድ ቤቱን ሬጅስትራር ጠይቁ።

ሰው ተይዞባችሁ ፍርድ ቤት ካልቀረበ ደግሞ የተያዘበትን ቀንና ሰዓት፣ የያዘውን ሰው ማዕረግና የጣቢያውን ስም በደብተር ጻፉ። በዋስ ይለቀቅ ተብሎ ሳይለቀቅ ከቀረም ትእዛዙ የተሰጠበትን ቀን ጻፉና ወደዚያው ዳኛ ተመለሱ። «ትእዛዝዎ አልተፈጸመም» በሉ፤ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ። አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ የሚባል አለ፤ ያለ ሕግ የታሰረ ሰው እንዲለቀቅ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ማመልከቻ ነው። ማንኛውም ዘመድ ሊያቀርበው ይችላል። መልሱ ይዘገይ ይሆናል። ግን ወረቀቱ መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ የሹሙም ስም ከነቀኑ አብሮ ይገባል። በ1987 ዓ.ም. ልዩ ዐቃቤ ሕጉ ሹማምንቱን ሲከስ ከያዛቸው ማስረጃዎች ብዙዎቹ እነሱው የፈረሟቸው ወረቀቶች ነበሩ።

ደብተሩን፣ የውሳኔውን ግልባጭና የግብር ደረሰኙን ባንድ ላይ በላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ ጢስም አይጥም በማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ። የት እንዳስቀመጣችሁት ለሚስታችሁና ለትልቁ ልጃችሁ ንገሩ።